ለክብደት ማንሻ ቤታችን ታዳጊዎች የሚገዛው ዕቃ፣ እሁድ ከመወሰናችን በፊት ሐሳብ ያለው እዚህ ይጻፍ

አሰልጣኝ፦ ያለን 38,400 ብር ነው። ልጆቹ 14 ናቸው፣ ትልቁ 19። ለ4 ወር ማክስ (አንዴ ብቻ የሚነሳውን ትልቁን ኪሎ መሞከር) የሚባል ነገር የለም። በሳምንት 3 ቀን ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) 3 ዙር አምስት አምስት፣ ቤንች (ተኝቶ ከደረት መግፋት) እና ቆሞ መግፋት እየተፈራረቁ፣ ዴድሊፍት (ከመሬት ማንሳት) አንድ ከባድ ዙር ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ጀሪካን አንጠልጥሎ መሄድ። የኛ ችግር ክብደት ማጣት ሳይሆን ትንሿ ዲስካችን 5 ኪሎ መሆኗ ነው፣ ግራ ቀኝ ስትገባ በአንዴ 10 ኪሎ መዝለል ነው። 40 የሚገፋን የ16 ዓመት ልጅ 50 ግፋ ስትሉት ብረቱ ደረቱ ላይ ይቀራል፣ ከዛ ሦስት ወር እዛው 40 ላይ ይከርማል፣ አይተነዋል። ስለዚህ ባለ 1.25 ዲስክ 8፣ ባለ 2.5 ዲስክ 8፣ የሲሚንቶ ዲስኮቹን መዝነን እውነተኛ ኪሏቸውን መጻፍ፣ ራኩን (የብረቱን ማስቀመጫ ቋሚ) ደግሞ ከመስታወቱ ፊት አንስተን ወደ በሩ ማዞር።

ገንዘብ ያዥ፦ 38,400 አይደለም 36,900 ነው። የጥቅምት መዋጮ ያላስገቡ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ጎታች፦ ዲስኩን እኔ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄጄ ዋጋ አመጣለሁ

ባለ ብየዳ፦ 10 ሚሊ ላሜራ 15 ሳንቲም ክብ አስቆርጠህ መሃሉን 5 ሳንቲም አስበሳው፣ 1.2 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ጎደለ ከተባለ በብየዳ እሞላዋለሁ።

ፍራንክፈርት፦ ቆይ ራኩ ለምንድነው ከመስታወቱ የሚነሳው?

አሰልጣኝ፦ ልጆቹ ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ተተክሎ አንገታቸው ቀና ይላል፣ ግማሽ መንገድ ወርደው ይመለሳሉ። በውድድር ደንቡ የዳሌ እጥፋት ከጉልበት አናት በታች ካልወረደ የዳኛ ቀይ መብራት ነው፣ አይቆጠርም። መድረክ ላይ መስታወት የለም፣ ጥልቀቱን በሰውነታቸው ነው ማወቅ ያለባቸው።

ፍራንክፈርት፦ ጋሼ ይቅርታ ግን ያ መስታወት በ2011 ሁለት ፈረቃ እየሰራሁ የላክሁት ብር ነው፣ ሲገጠም ፎቶ ልካችሁልኝ እናቴ ጋ ሁሉ አሳይቻለሁ፣ አሁን ጀርባ ሊሰጠው ነው? አለመፈለጋችሁን ያኔ ብትነግሩኝ ዲስክ እገዛበት ነበር

የማታ ፈረቃ፦ ማን አልፈለገውም አለ? ራኩ ይዙር ነው የተባለው እኮ

ፍራንክፈርት፦ አንተ ስንት አዋጣህ?

የማታ ፈረቃ፦ እኔ በየማታው ወለሉን የምጠርገው ሰውዬ ነኝ። ብር የላከ ብቻ ነው እንዴ የሚናገረው?

የሴቶች ተወካይ፦ እኛንም ስሙን። ጠዋት 12 ሰዓት የምንገባው እኛ ነን፣ በሩ መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። ራኩ ወደ በሩ ከዞረ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እያየ ስኳት አንወርድም። ሦስት ልጆች ባለፈው ዓመት በዚሁ ነው የቀሩት።

ባለ ብየዳ፦ በሩን ዝጉታ

የሴቶች ተወካይ፦ ዘግተን አየሩን ከየት እናምጣ፣ መስኮት እንደሌለ ታውቃለህ

ገንዘብ ያዥ፦ በሩ ላይ መጋረጃ ይደረግ

የማታ ፈረቃ፦ መጋረጃ ከሆነማ መስታወቱ ላይ አድርጉት፣ ራኩም ሳይነካ እዛው ይቀራል

ፍራንክፈርት፦ መስታወቴ ላይ ጨርቅ?

አሰልጣኝ፦ ልጄ አንተን ማንም አልናቀም። እዚህ ቤት 30 ኪሎ ይዘህ ስትንቀጠቀጥ የማውቅህ እኔ ነኝ፣ የላክኸውንም አልረሳሁም። ስኳት ሲሰራ ብቻ ይጋረድ፣ ሲያልቅ ይከፈት።

ፍራንክፈርት፦ እሺ ጋሼ። ተናድጄ ነው። የማታ ፈረቃ አንተም ይቅርታ ወንድሜ

የማታ ፈረቃ፦ ምንም አይደል። አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ 20 የተጻፈባቸውን ሁለቱን የሲሚንቶ ዲስኮች ወፍጮ ቤት ወስጄ መዘንኳቸው። አንዱ 23፣ አንዱ 18 ተኩል! አራት ኪሎ ተኩል ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ልጁ ሲነሳ ለምን ትዞራለህ እያልን እግሩን ስንቆጣ ከረምን። እኔ ራሴ ጮኼበታለሁ፣ አላስቻለኝም ሄጄ ነገርኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ጎታች የምናለሽ ተራው ዋጋ የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፦ ጎታች?

ባለ ብየዳ፦ ስልኩም አይነሳም። በነገራችን ላይ የላይኛው ሰፈር ልጆች ጥር ላይ እንግጠም ብለዋል፣ ሎግ (እንደ ግንድ የሚገፋ ወፍራም ቧንቧ) አሰርተዋል አሉ፣ አምና በዴድሊፍት የሆነውን ማንም አልረሳም። እኔ ቧንቧውን ካገኘሁ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፣ የዲስኩ ብር ለቧንቧና ለድንጋይ ማስቀረጫ ይዋል፣ ዲስኩ ትንሽ ይቆይ

አሰልጣኝ፦ ጥር ማለት ገና ሁለት ወር ተኩል ነው። በፓወርሊፍቲንግ (የስኳት፣ የቤንችና የዴድሊፍት ውድድር) እስከ 23 ዓመት ጁኒየር ነው የሚባሉት፣ ምን አስቸኮለን? የአይስላንዱ ሃፍቶር ቢዮርንሰን ያንን ሁላችሁ የምታሳዩአቸውን 501 ኪሎ በዴድሊፍት ሲያነሳ 31 ዓመቱ ነበር። ለስትሮንግማን (ከባድ ዕቃ የማንሳትና የመሸከም ውድድር) ሸክም ከተፈለገ ቢጫ ጀሪካን አለን፣ ውሃ ሲሞላ 20፣ አሸዋ ሲሞላ 30 ያልፋል።

ባለ ብየዳ፦ ጀሪካን ይዘን ወጥተን ይሳቁብን?

የሴቶች ተወካይ፦ መጋረጃው መጀመሪያ። በርም መስታወትም።

ፍራንክፈርት፦ ሎግ ከሆነ እኔ ግማሹን እችላለሁ

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ እስካሁን የያዝኩት፦ ሁለት መጋረጃ ከነዘንጉ፣ የሎግ ቧንቧ በግማሽ፣ ባለ 1.25 ዲስክ ከ8 ወደ 4፣ ባለ 2.5 ለጊዜው ይቅር። የዲስኩን ዋጋ የሚያመጣ ሰው የለኝም።

አሰልጣኝ፦ 4 ከሆነ፣ ግራ ቀኝ ሁለት ሁለት ሲገባ፣ የአንድ ባር ዲስክ ነው፣ 14 ልጅ ተራ ሊጠብቅ ነው። ዛሬ ያ 40 ላይ የቆመው ልጅ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ውሃ ሞልቶ በጫማ ክር ግራ ቀኝ አስሮ 42 ገፋ። አምስቱንም። ውሃው እየተወዛወዘ። ምናለሽ ተራ ቅዳሜ እኔው እሄዳለሁ፣ 8 ይሁን።