የአባቴ እግር ከኦፕራሲዮን በኋላ አብጧል፤ የገባላቸው ሰው ሠራሽ አጥንት አልስማማ ብሎ ይሆን?

የመንዝ ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ መሃል ሜዳ ላይ ከበቅሎ ወድቀው ቅልጥማቸው ደቀቀ። ደብረ ብርሃን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ዛሬ 4 ቀናቸው ነው። ብረት ገብቶላቸዋል፤ አጥንቱ የጎደለበት ቦታ ደግሞ እንደ ጠጠር ባለ ካልሲየም ፎስፌት ተሞላ። እግራቸው አብጧል፣ ሞቅም ይላል። ሰውነታቸው አልቀበል ብሎ ነው? የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ ገዝቼ ልስጣቸው? ጨንቆኛል።

ነርሷ፦ አይዞህ ወንድሜ። በ4ኛው ቀን ማበጥና ሞቅ ማለት የሚጠበቅ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወይም ጣቶቻቸው ከደነዘዙና ከቀዘቀዙ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘሃቸው ሂድ። እግራቸውን ትራስ ላይ ከፍ አድርግላቸው። ዲክሎፌናክ በራስህ አትጀምር፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ለጨጓራም ለኩላሊትም ከባድ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን ደግሞ እንዳታቋርጥ።

ላብራቶሪ የምሠራው፦ ስለ አለመቀበሉ ልጨምር። ይሄ የተሞላው ጠጠር እንደ ተለገሰ ኩላሊት የሌላ ሰው ሴል የለበትም፤ በዚያ መንገድ አይገፋም። የመከላከያ ሴሎች ግን ዝም ብለው አያልፉትም። አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ማክሮፋጅ የሚባሉት በላተኛ ሴሎች ይከተላሉ፤ እነሱ የሞተውን ሥጋና ስብርባሪውን እየበሉ ያጸዳሉ፣ እብጠቱም ከዚሁ ሥራ ጋር የሚመጣ ነው፣ ቀናት ሲያልፉ ደግሞ ጠባያቸውን ይቀይሩና አጥንት ሠሪ ሴሎችን የሚጠራ፣ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል መልእክት መልቀቅ ይጀምራሉ። ያ የመጀመሪያ ቁጣ ጭራሽ ከታፈነ ጥገናው በደንብ አይነሳም። ሳይበርድ ከሰነበተም አጥንቱ አይይዝም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ፣ የጠጠሩ ቀዳዳ ስፋትና የገጹ ሸካራነት እንኳ የማክሮፋጆቹን ጠባይ መቀየሩ ነው። ካልተስማማቸው እርስ በርስ ተዋህደው ትልልቅ ሴል ይሆናሉ፣ ዙሪያውም በጠባሳ ይታጠራል። ከተስማማቸው ቀዳዳው ውስጥ አጥንት ይበቅላል፤ ጠጠሩን ደግሞ የማክሮፋጅ ዘመድ የሆኑት ኦስቲኦክላስቶች ቀስ እያሉ ያሟሙታል። ወራት ይፈጃል፣ ታገሱ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ዘመድ ወጌሻ ይዞ እንዳይመጣ ተጠንቀቅ! እኛ ቤት ብረት የገባበት እግር ታሽቶ ብረቱ ላላ፣ እንደገና ተከፈተ። አባባ ሲጋራ ያጨሳሉ? ስኳርስ? ሁለቱም የአጥንትን መግጠም ያዘገያሉ።

የመንዝ ልጅ፦ ሲጋራ የለም፣ ስኳር ግን አለባቸው። ትኩሳታቸውን ለካሁ፣ 36.8 ነው። ጣታቸውንም ያንቀሳቅሳሉ። ወጌሻው ነገ ሊመጣ ነበር፤ አሁን ደውዬ አስቀረሁት።

ነርሷ፦ ጎበዝ። ስኳራቸውን ዛሬ ለክተሃል? ካልለካህ አሁን ለካና ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ።