ኮርኒስ ሲነሣ የታየ የድሮ ጡብ ግድግዳ፦ በሲሚንቶ ይሸፈን ወይስ በኖራ ይጠገን?

ጥያቄ፦
በአዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ያለውን የወላጆቼን ቤት ኮርኒስ ለመቀየር አሮጌውን ችፑድ ስናነሣ፣ ከበላዩ ተሸፍኖ የኖረው የሸክላ ጡብ ግድግዳ ተጎድቶ አገኘነው። በላይኞቹ ረድፎች ጡቦቹን የያዘው ሞርታር በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ በአንዱ ጥግ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ የጡቡን መገጣጠሚያ እየተከተለ በደረጃ የሚወጣ ስንጥቅም አለ። ግንበኛው በጠንካራ የሲሚንቶ ልስን እንሸፍነው ይላል፤ አናጢው ደግሞ ሞራሌውን (ኮርኒሱ የሚመታበትን እንጨት) እዚያው ግድግዳ ላይ መትቶ መጨረስ ይፈልጋል። ሥራው ከየት ቢጀመር ይሻላል?

መልስ፣ ከአንድ ግንበኛ፦
ሁለቱንም ለጊዜው ያስቁሟቸው። በቅድሚያ ነጩ ነገር ከወጣበት ጥግ በላይ ያለውን ቆርቆሮና አሸንዳ ያስፈትሹ፤ ያ ጨው ውሃ ከጡቡ ውስጥ አሟሙቶ ያወጣውና ሲተን የተወው ነውና፣ ፍሳሹ ካልቆመ ማንኛውም ጥገና ተመልሶ ይበላሻል። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ እንጂ በውሃ አይጠቡት፤ ውሃው መልሶ ወደ ጡቡ ያስገባዋል። ከዚያ የላላውን ሞርታር በቀጭን መሮና በመዶሻ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያስወጡ። በግራይንደር ከሆነ የጡቡ ጠርዝ አብሮ ይበላል። አቧራው ተጠርጎ ጡቡ ከረጠበ በኋላ አዲሱ ሞርታር እየተጠቀጠቀ ይገባል።

መልስ፣ ከሌላ አባል፦
የእኔም ቤት የድሮ ጡብ ነው፤ በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ አስለስኜው እስካሁን ምንም አልሆነም። ኖራ ፍለጋ መድከም ለምን አስፈለገ?

መልስ፣ ከአንዲት ሲቪል መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ የእርስዎ ግድግዳ ደረቅ ከሆነ ሊቆይ ይችላል፤ የጠያቂው ግን ውሃ የጠጣ ነው። የድሮ ሸክላ ጡብ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ፣ ጠንካራ ሲሚንቶ ሲለበስበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና የጡቡ ፊት እየተላጠ ይወድቃል። ሞርታሩ ከጡቡ የለሰለሰ መሆን አለበት፤ ግድግዳው ጥቂት ቢንቀሳቀስ እንኳ የሚሰነጠቀው መገጣጠሚያው ይሆናልና፣ እሱን መልሶ መሙላት ይቻላል። 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራና 6 እጅ አሸዋ ለብዙ ግድግዳ ይስማማል፤ ጡቡ በሚስማር በቀላሉ የሚጫር ከሆነ ግን 1 ሲሚንቶ፣ 2 ኖራና 9 አሸዋ ይሻላል። ኖራው ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሠራተኞቹ ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች አዳማም ድረስ ተሰምተዋልና፣ ከዚያ በፊት የነበረ መሆኑን የቤቱን ሰዎች ይጠይቁ። በስንጥቁ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ስስ ጀሶ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ጡቡን ራሱን ከሰነጠቀ፣ ወይም ግድግዳው በቱንቢ ሲለካ ያዘመመ ከሆነ፣ መሐንዲስ በአካል ሳያየው ኮርኒሱ አይዘጋ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቀጭን ነው፤ እናቴም ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከጥግ በላይ የቆርቆሮው ሚስማር ጎማ አልቆ ውሃ ሲያስገባ አግኝተነዋል። መገጣጠሚያውን በጀሶ ብንሞላው አይሻልም? አናጢውስ ምን ያህል ይጠብቅ?

መልስ፣ ከግንበኛው፦
ጀሶ እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳልና ለዚያ ጥግ አይሆንም። የአዳማ ነፋስ ሞርታሩን ከውጭ አድርቆ ውስጡን ጥሬ ስለሚተወው፣ ሥራውን ጠዋት ይጀምሩ፣ መስኮቱን ይዝጉ፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንትም እርጥብ ጆንያ እያንጠለጠሉ ያቆዩት። አናጢው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሞራሌውን በሚስማር ከሚመታ ጤነኛውን ጡብ መሐሉ ላይ በድሪል በስቶ በፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዝ ፕላስቲክ) ይሰር፤ መገጣጠሚያው ላይ ግን አይብሳ። ፍሳሽ በነበረበት ጥግ ደግሞ ሰው አንገቱን የሚያስገባበት ተከፋች በር በኮርኒሱ ላይ ይተው፤ በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳው መድረቁን የሚያዩት በዚያ ነው።