ኮሪያ ውስጥ ለምኖርበት ከተማ የማሻሻያ ሐሳብ አምጪ ተብያለሁ፤ ምን ላስቀድም?

የውርጭ ልጅ
ሰላም የሸዋ ልጆች። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ኮሪያ፣ ቹንቾን ነው። የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት፣ ቀበሌ በሉት፣ የውጭ አገር ነዋሪዎች ከተማው ላይ ምን ቢሻሻል ትላላችሁ ብሎ በጽሑፍ ጠይቆናል። የሚቀበሉት አንድ ገጽ ነው። የእኔ ብሶት ደግሞ በአንድ ገጽ አያልቅም።

መጀመሪያ ቆሻሻው። እዚህ ቆሻሻ የሚጣለው ከሱቅ በሚገዛ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ላይ የአካባቢው ስም ታትሟል፣ የሌላ ከተማ ከረጢት አያገለግልም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል፣ እሱስ ደግ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ግን ለብቻው ነው የሚሰበሰበው፣ መኖና ማዳበሪያ ስለሚሆን። ጣጣው የሚመጣው ዶሮ ወጥ የሠራሽ ቀን ነው። ያ ሁሉ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አጥንቱ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት፣ አንዱም የምግብ ትርፍራፊ አይባልም! እንስሳ የማይበላው ነገር በሙሉ በሚገዛው ከረጢት ነው የሚገባው። ይህን የሚያስረዳው ወረቀት በኮሪያኛ ብቻ ነው። ካልተስማማቸው ከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈው በር ላይ ይተዉታል፣ ማስጠንቀቂያውም በኮሪያኛ ነው።

ከዚያ ስም። እዚህ አገር ኢንተርኔት ላይ ትኬት ለመቁረጥም ሆነ ዕቃ ለመግዛት ብዙ ጊዜ በስልክሽ ማንነትሽን አረጋግጪ ትባያለሽ። የእኔ ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ረጅም ነው፣ ባንኩ ጋ በአንድ ዓይነት፣ ስልኩ ጋ በሌላ ዓይነት ተመዝግቧል። አንዲት ክፍት ቦታ ከተዛባች አላውቅሽም ይላል።

ሌላው ደረጃው ነው። ከቤቴ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ የሚያወርድ ረጅም ደረጃ አለ። ክረምት ላይ በረዶው ይጋገርበታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገኝ ነኝ፣ ብርድ አልፈራም፣ ይሄ ግን ብርድ ሳይሆን መስተዋት ላይ መሄድ ነው።

አውቶቡሱም ማታ ቶሎ ያቆማል። በሉ የትኛውን ልጻፍ?

ጡረተኛው
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ሳነብ ነው የጨረስኩት፣ የኮሪያውም ሹም ከእኛው ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። አራት ነገር የያዘ ደብዳቤ አራት ክፍል ይመራና አራቱም ጋ ይተኛል። አንባቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ የማን ሥራ ነው?" ብሎ ነው። የስሙ ጉዳይ የባንክና የስልክ ድርጅት፣ የመንግሥትም ነው፣ ከተማው ምንም አያደርግልሽም፣ አውጪው። ደረጃውን ግን ያዢ። የትኛው ደረጃ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ይወጣበታል፣ ፎቶ አያይዢ። ደግሞ "እኛ የውጭ ዜጎች ተቸገርን" ብቻ ብለሽ አትጻፊ። እዚያ ደረጃ ላይ ወገቧን የምትሰበረው የአገሩ አሮጊትም ናት።

ጣርማበር
ጋሼ ልክ ብለዋል ግን አንድ ነገር ረሱ። እህቴ፣ ያለሽው ቹንቾን አይደል? ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦራችን መታሰቢያ ሐውልት ያለበት፣ በ1960 ጃንሆይ ራሳቸው ሄደው የመረቁት ከተማ! ከአዲስ አበባም ጋር እህትማማች ናቸው። "አያቶቻችን በ1943 መጥተው ደማቸውን አፍስሰውላችኋል" ብለሽ ጀምሪ። እስቲ እምቢ ሲሉሽ እናያለን 😄

የውርጭ ልጅ
@ጣርማበር ኧረ በማርያም! እነዚያ ሰዎች የዘመቱት ደረጃ እንዲጠረግልኝ ነው እንዴ? እዚህ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጄን የሚጨብጡ ሽማግሌዎች አሉ። ያንን ለከረጢት መደራደሪያ ማድረግ ያሳፍረኛል።

ሸዋሮቢቴ
እኔ ሳልደብቅ ልናገር፣ በሰው አገር ተቀምጦ ይሄ ይስተካከል ያ ይስተካከል ማለት ደስ አይለኝም። ሥራሽን ሠርተሽ፣ ለቤተሰብ ልከሽ፣ በሰላም መግባት ነው።

አንሳን የነበርኩ
@ሸዋሮቢቴ ወንድሜ፣ ሳትጠየቅ አይደለም የተናገረችው፣ ጻፉ ያሉት እነሱ ናቸው። ግብር ትከፍላለች። ኮሪያ እኮ ቋሚ ነዋሪነት አግኝቶ ሦስት ዓመት ያለፈውን የውጭ ሰው በአካባቢ ምርጫ ከንቲባ ያስመርጣል፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ስለ ቆሻሻ ቢናገር ምን አለበት?

እኔ እዚያው ኮሪያ፣ አንሳን የሚባል ከተማ ፋብሪካ ሠርቼ ተመልሼ አሁን ደብረ ሲና ነኝ። እህቴ፣ ወረቀቱ በአማርኛ ይተርጎም እንዳትይ። እኛ እዚያ ከተማ ስንት ሰው ነን? ሥዕል ጠይቂ። ከረጢቱ ላይ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊትና የሽንኩርት ልጣጭ ይሣሉበት፣ አለቀ። ቬትናሙም ኔፓሉም ያነበዋል፣ መነጽሩ የጠፋበት የአገሩ ሽማግሌም ያነበዋል። ለማተሚያ ቤቱም ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከረጢቱ እንደሁ መታተሙ አይቀር።

ስለ ደረጃው አንድ ልጨምር። እዚያ ደጅህ የወረደውን በረዶ የምትጠርገው አንተ ነህ፣ ባለቤቱ ወይም ተከራዩ፣ ደንብ ነው። የመኪና መንገዱን ከተማው ይጠርጋል፣ ጨው ይበትናል። የአንቺ ደረጃ ግን የማንም ደጅ አይደለም፣ ለዚህ ነው የሚጋገረው። ይሄንን በግልጽ ጻፊው። መጥረጊያና የአሸዋ ሣጥን ከላይና ከታች ይቀመጥልን በይ፣ የሚወጣ የሚወርደው ራሱ ይበትናል። ሰው ይመደብልን ካልሽ ግን በጀት የለም ይሉሻል።

መንዝዬ
አውቶቡሱንስ ተዋችሁት? ታናሽ ወንድሜ እዚያው ኮሪያ ነው፣ ማታ ፈረቃ ሲወጣ አውቶቡስ ቆሟል፣ የትርፍ ሰዓቷን ታክሲ ይበላታል።

የውርጭ ልጅ
@መንዝዬ አልረሳሁትም እህት፣ ግን እኔ ማታ ፈረቃ አልሠራም። በስንት ሰዓት ስንት ሰው እንደሚቆም ሳላውቅ ብጽፍ ጋሼ እንዳሉት ይተኛል። አብረውኝ ቋንቋ የሚማሩ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ በራሳቸው ገጽ እነሱ ይጻፉት፣ ነግሬያቸዋለሁ።

እኔ ደረጃውንና የከረጢቱን ሥዕል ይዣለሁ። ሥዕሉን ራሴ ሞክሬ ልላክላቸው ወይስ ሥራችንን አትንኪ ይላሉ?

ጡረተኛው
ላኪው እንጂ! ሹም የተጀመረ ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ ግማሹ ሥራ አለቀለት ማለት ነው። የደረጃውን ፎቶ ደግሞ በማለዳ አንሺ፣ ቀትር ላይ ከቀለጠ ማን ያምንሻል።