ዲቪዲያችን ሞተ፣ ዛሬውኑ የት ልግዛ? አስቸኳይ!

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዲቪዲያችን ሞተ። ሲዲ ሳስገባ ትንሽ ይሽከረከርና «ኖ ዲስክ» ይላል። ነገ እህቴ ከነባሏና ከነልጆቿ እኛ ቤት ምሳ ናት። እማዬ ደግሞ የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ ለእህቴ ልጆች ካላሳየሁ ብላ ይዛኛለች። ነገ እሑድ ነው፣ ዛሬ ካልገዛሁ አለቀልኝ። የትኛው ዓይነት ይሻላል? ፒያሳ ልውረድ ወይስ መርካቶ?

ቻቻው፦
በዚህ ዘመን ዲቪዲ የሚሸጥ ካገኘሽ ባለሱቁንም ጠቅልለሽ ነይ፣ ቅርስ ነው።

ጥጥና አልኮል፦
ሌንሱ አቧራ ይዞ ነው። ጥረጊው።

ጋሽ ሽቦ፦
ልጄ፣ ዲቪዲ ዝም ተብሎ አይገዛም። በፈረንጆቹ 1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲወጣ የፊልም ኩባንያዎቹ ዓለምን በቁጥር ተከፋፈሉት። አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓና ጃፓን 2፣ እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5 ነን። የ1 ፊልም 5 ብቻ በሚያነብ ማጫወቻ አይከፍትም። ስለዚህ «ኦል ሪጅን»፣ ማለት ሁሉንም ቁጥር የሚያነብ መሆኑን ጠይቂ። ሁለተኛ፣ የእኛ አገር የቲቪ ምስል ሥርዓት ፓል የሚባለው ነው፣ 576 መስመር። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 480 ነው። ሁለቱንም የሚያነብ ይሁን። ሦስተኛ፣ መብራቱ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣውን አሮጌ ዕቃ ልሽጥልሽ የሚልሽ ካለ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ግን በእኛ 220 ስትሰኪው ጭሱን ነው የምታዪው። አራተኛ...

ቻቻው፦
ጋሼ፣ አራተኛው ከነገ ምሳ በኋላ ይድረሰን።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ ቆይ። ዲቪዲው መበላሸቱን በምን አወቅሽ? ሌላ ሲዲ ሞክረሻል?

የአራት ኪሎዋ፦
ሌላውማ ይሠራል። የመዝሙር ሲዲ አለን፣ እሱን ጥርት አድርጎ ያጫውታል። የሠርጉን ነው እምቢ ያለው።

ተጠራጣሪው፦
ታዲያ ምኑ ነው የሞተው? ይሄን እኮ መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ። የሠርጉ ሲዲ ቪዲዮ ቤት ራይት ያደረገው ነው አይደል? የመቼ ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
አዎ፣ የቀረጸው ልጅ ነው የሰጠን። ሠርጉ በ2000 ዓ.ም. ነው። ግን እኮ ድሮ ይሠራ ነበር!

ተጠራጣሪው፦
ድሮማ ሁላችንም እንሠራ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ የሚያትመው ሲዲና ራይት የተደረገው አንድ አይደሉም። የፋብሪካው ታትሞ የወጣ ነው። ራይት በተደረገው ላይ ግን መረጃው የተጻፈው በስስ ቀለም ላይ ነው። ፀሐይና ሙቀት ቀለሙን ያደክመዋል። ማጫወቻው የሚያነብበትንም ጨረር እንደ ፋብሪካው አጥርቶ አይመልስም። የማጫወቻው ሌንስ ሲደክም መጀመሪያ እምቢ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። የመዝሙሩ የፋብሪካ ከሆነ ለዚያ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ወይ ሌንሱ ደክሟል ወይ ሲዲው ራሱ አርጅቷል። ሲዲው ካረጀ አዲስ ዲቪዲ መግዛት ብር መጣል ነው። መጀመሪያ ሲዲውን ሌላ ሰው ቤት ሞክሪው።

በነገራችን ላይ፣ ጋሽ ሽቦ፣ የሠርግ ሲዲ ሪጅን ቁጥር የለውም። የትም ያጫውታል።

ጋሽ ሽቦ፦
እኔ አጠቃላይ ዕውቀት ነው የሰጠሁት። ዕውቀት አይጠላም።

ጥጥና አልኮል፦
ሌንሱን ጠረግሽው ወይስ አልጠረግሽውም? ከሶኬት ንቀይው። ክዳኑን ፍቺው። የጆሮ ጥጥ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በትንሹ አርጥበሽ ቀስ አድርገሽ ነካ ነካ። አትጫኚው፣ ሌንሱ ስስ ነገር ላይ ነው የተቀመጠው። ሽቶ የሚያደርጉ አሉ፣ እንዳትሞክሪው። እስኪደርቅ ጠብቀሽ ክደኚው።

ቻቻው፦
እኔ ብሆን ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቼ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አስወጥቼ ሠርጉን እከፍትላቸው ነበር።

የጌም ቤት ልጅ፦
እየቀለደ ነው ግን እውነቱን ነው። ፕሌይስቴሽን 2ም፣ 3ም፣ 4ም ዲቪዲ ያጫውታሉ። ቪሲዲ፣ ማለት በተራው ሲዲ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ ከሆነ ግን 4 ላይ አትልፊ፣ ተራ ሲዲ የሚባል ነገር አያነብም። የሠርጉ ዲቪዲ ነው ወይስ ቪሲዲ? ፊቱ ላይ ተጽፏል።

የአራት ኪሎዋ፦
ዲቪዲ አር ይላል። ሌንሱን ወንድሜ ጠርጎታል፣ ያው ነው። እናንተ ግን እስካሁን የት እንደምገዛ አልነገራችሁኝም!

ባለሱቁ፦
እህቴ፣ እኔ ኤሌክትሮኒክስ እሸጥ ነበርና ስሚኝ። ፒያሳ የምታውቂያቸው ሱቆች እንዳሉ ነው ብለሽ አትውረጂ። በ2016 ብዙው ፈርሷል። መርካቶ ሂጂ፣ ግን አሁኑኑ ተነሺ። ቅዳሜ ከሰዓት ግፊያው አይቻልም፣ የሚዘጋውም ቶሎ ይዘጋል።

የሠርጉን ሲዲ በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። ባለሱቁ በራሱ ሲዲ ሲያሳይሽ «እሺ» ብለሽ ብር አታውጪ። እሱ የሚከፍተው እዚያው ማጫወቻ ላይ የሚሠራውን ነው። ያንቺን ያጫውት። መሃሉንም መጨረሻውንም አስዘልለሽ እዪ፤ ቄጤማው ላይ ጥርት ያለው ቪዲዮ ኬኩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በአዲሱም ካልከፈተ ብርሽን ይዘሽ ተመለሺ፣ ጥፋቱ የሲዲው ነው። ስሙን አይተሽም አትግዢ፤ ትልልቅ ስም የተለጠፈበት ኮፒ ሞልቷል። ያገለገለ ከሆነ ሪሞቱን ሳትቀበይ አትውጪ። ያለ ሪሞት ቋንቋውንም ሜኑውንም መንካት አትችዪም።

ቲቪሽስ ምን ዓይነት ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
ፍላት ነው፣ አዲስ። ዲቪዲው ያለው እማዬ ክፍል ካለው ከአሮጌው ቲቪ ጋር ነው። ነገ ግን ሳሎን ነው የምናየው።

ባለሱቁ፦
በይ እንኳን ጠየቅኩ። ከቲቪው ኋላ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ አለ? ከሌለ ኤችዲኤምአይ ያለው ዲቪዲ ግዢ። ቀይ ነጭ ቢጫ ብቻ ያለው ከሆነ ኮንቨርተር ትጨምሪበታለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከኤቪ፣ ማለት ከቀይ ነጭ ቢጫው፣ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ነው የሚያስፈልግሽ። የተገላቢጦሹ ዕቃ መልኩ አንድ ነው፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አያውቀውም። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ለራሱም መብራት ይፈልጋል፣ የዩኤስቢ ገመዱን አትርሺ። አንዳንድ ፍላት ላይ ቢጫው ገመድ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚገባው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነብሽ በሪሞት «ኤቪ» የሚለውን ምረጪ።

ጥጥና አልኮል፦
ወንድምሽ በምንድነው የጠረገው? በደረቅ ጥጥ ከሆነ አልተጠረገም።

ሶፍት ነኝ፦
ለምንድነው ግን ለአንድ ምሳ ዲቪዲ የምትገዢው? ሲዲ የሚያስገባ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ አይጠፋም። አስገቢና «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር ክፈቺ። ቪኦቢ የሚሉ ፋይሎች አሉ፤ ትልልቆቹን ኮፒ አድርጊ። እያንዳንዱ ከ1 ጊጋ አይበልጥም፣ ሙሉው ሲዲ 4.7 ነው፤ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይይዘዋል። ቲቪው ላይ ሰክተሽ ሞክሪ። ቪኦቢ የማይከፍት ቲቪ ካጋጠመሽ ወደ ኤምፒ4 አስቀይሪው። ከዚያ ለእህትሽም ኮፒ ትሰጫታለሽ። ሲዲው እያረጀ ከሆነ ዛሬ ካልገለበጥሽው በሚቀጥለው ዓመት በምንም አይከፍትም። ኮፒው መሃል ላይ እየቆመ ካስቸገረ ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጊው፣ በክብ አታሽከርክሪ።

ጋሽ ሽቦ፦
ፍላሽ ይጠፋል፣ ሲዲ ግን መሳቢያ ውስጥ ይኖራል።

ሶፍት ነኝ፦
ጋሼ፣ መሳቢያ ውስጥ ኖሮ ነው እኮ «ኖ ዲስክ» የሚለው።

የአራት ኪሎዋ፦
እሺ፣ ላፕቶፕ ያለው የአጎቴ ልጅ ተገኘ። ስድስት ኪሎ ነው፣ ታክሲ ይዤ እየሄድኩ ነው። ካልሆነ ከዚያው ወደ መርካቶ።

ባለሱቁ፦
ሲዲውን ይዘሻል?

ባለሱቁ፦
የአራት ኪሎዋ፣ ሲዲውን ይዘሻል ወይ?

ትዝታዬ፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። እኔ ጋ የ1987 ዓ.ም. የክርስትና ቪዲዮ በትልቁ ካሴት አለ፣ በቪዲዮ ዴክ የሚታየው። ወደ ፍላሽ የሚገለብጥልኝ የት አገኛለሁ?

ጋሽ ሽቦ፦
ልጄ፣ ካሴት ዝም ተብሎ አይገለበጥም። መጀመሪያ...

ጥጥና አልኮል፦
የዴኩን ሄድ ጥረገው።