የእናቴን ጉልበት በሌዘር ሳክም የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። የግራ ጉልበቷ ልም አጥንት አልቋል ተብላለች። ማስታገሻውን ጨጓራዋ አልቻለውም። እህቴ ከውጭ አነስተኛ ኃይል ያለው የእጅ ሌዘር ላከችልን፤ የሞገድ ርዝመቱ 808 ናኖሜትር፣ ኃይሉ 200 ሚሊዋት ይላል። ብርሃኑ ለዓይን ስለማይታይ መከላከያ መነጽሩን ሁለታችንም ሳናደርግ አንከፍተውም።

በሳምንት 3 ቀን፣ 10 ደቂቃ እያንሸራተትኩ 4 ሳምንት ሞከርኩ። መጀመሪያ የጠዋቱ መተሳሰር ላላ ብሎላት ነበር። አሁን ደረጃ ስትወርድ ሕመሙ እንደ ድሮው ነው፤ እሷን እንዲህ ማየት ከብዶኛል።

በኋላ ሳነብ፣ አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው የብርሃን መጠን ውጤቱን እንደሚወስን ተረዳሁ። በዚህ መሣሪያ አንድ ነጥብ ላይ 4 ጁል (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ለማድረስ 20 ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ግን እያንሸራተትኩ ብርሃኑን በትኜዋለሁ።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠሩ፣ ጉልበቷ ዙሪያ የትኞቹ ነጥቦች ላይ ልያዝላት?