ሄደር ስቀይር አንድ ስተድ ቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ ከዚህ በኋላ እንዴት ልቀጥል?

ግራጫዋ ሃችባክ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 1.6 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ በፊት ጎማ የምትነዳ ናት። የካስት አይረኑ ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ክፍል) የ2ኛና የ3ኛ ሲሊንደር ቱቦዎች የሚገናኙበት ላይ ስለተሰነጠቀ እሱን አውጥቼ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሄደር (በቱቦዎች የተሠራ ማኒፎልድ) እየገጠምኩ ነው። ከካታላይዘሩ (ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል) ወደ ኋላ ያለውን ቱቦና ማርሚታውንም (የድምፅ ማፈኛውን) ዝገት ስለበላቸው አብረው ይቀየራሉ። ካታላይዘሩ ራሱ ጤነኛ ነው፣ አይነካም። ሊፍት የለኝም። መኪናዋ ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ እግር) ላይ ቆማለች፣ እኔ ከሥሯ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው የምሠራው።

ዳዶዎቹን ቀደም ብዬ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ሳጠጣቸው ስለቆየሁ አብዛኞቹ በሰላም ተፈትተዋል። አንዳንዱ ስተዱን (ማኒፎልዱን የሚያስረውን ራስ አልባ ቡሎን) ይዞ ነው የወጣው፣ እሱ ግድ የለም። በጊርቦክስ በኩል ያለው የመጨረሻው የታችኛው ስተድ ግን ቁልፉ ላይ ለስለስ ብሎ ዞረና ወዲያው ተቆረጠ። የተሰበረው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ፊት ጋር እኩል ሆኖ ነው፤ በፕላየር የሚያዝ ቅንጣት እንኳ አልተረፈም።

ሁለተኛው ችግር፣ ሄደሩን ለሙከራ ሳስቀምጠው ላይኛው ፍላንጅ (ጠፍጣፋው መጋጠሚያ) ቴስታታው ላይ ቁጭ ሲል፣ ከካታላይዘሩ ጋር የሚገናኘው የታችኛው ፍላንጅ ወደ ጎን ያመልጣል። የታችኛውን ሳስይዝ ደግሞ ላይኛው ይነሳል። አንዱ ቱቦም ወደ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ለሚሄደው ገመድ በጣም ተጠግቷል።

ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ከአሮጌው ማኒፎልድ ላይ አልወጣም ብሏል።

ቴስታታውን ሳላወርድ ስተዱን ማውጣት ይቻላል? በስተህ በግራ ጥርስ ማውጫ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ ሲዞር በሚነክስ መሣሪያ) ንቀለው ያሉኝ አሉ፤ ግን ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ፈርቻለሁ። እሱን ትቼ በቀሩት ብቻ ባስርስ ምን ይመጣል? መኪናዋን ከልቤ ነው የምወዳት፣ ሥራውንም በገዛ እጄ በደንብ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ሞረድ፦

ወንድሜ፣ ስተዱ ሳይነሳ በፊት አንድ ነገር ልበልህ። የዛገ ቡሎን ስትታገል መኪና ይነቀነቃል። ካቫሌቶዎቹ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ መሆናቸውን እያት፣ ከመግባትህ በፊት በእጅህ ገፋ ገፋ አድርጋት። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ከሥሩ የሚተኛበት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ስተዱን ትተህ አትሰር። መሐል ላይ ያለ ቢሆን እንኳ አልመክርህም፣ የጫፉን ደግሞ በፍጹም። ሄደር ሲግል ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፤ ፍላንጁም ከጫፍ ጀምሮ ነው መጉበጥ የሚወደው። በዚያች ቀጭን ክፍተት ጋዙ እየወጣ ጋስኬቱን (በመካከል ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥለዋል፣ ከዚያ የቴስታታውን ፊት ራሱን መብላት ይጀምራል። ዛሬ የአንድ ስተድ ጉዳይ የሆነው ነገር ቴስታታ ወደ ማስወረድ ይሄድብሃል።

የግራ ጥርስ ማውጫውን መፍራትህ ትክክል ነው። ማውጫው የተሠራው ከጠንካራ ብረት ስለሆነ ተሰባሪ ነው። የያዘ ስተድ ውስጥ ከተሰበረ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም፤ ያኔ ነው እውነተኛው ችግር የሚመጣው። ዳዶውን ይዞ አልወጣም ብሎ የተቆረጠ ስተድ፣ ከእሱ በቀጠነ ማውጫ ይወጣል ብዬ አላምንም።

እኔ የማምነው ብየዳን ነው። ስተዱ ላይ ቀዳዳው ከስተዱ ትንሽ የሚጠብ ዋሸር አስቀምጥ፤ በቀዳዳው በኩል ስተዱን ከዋሸሩ ጋር በየድ፤ ከዚያ በላዩ ዳዶ በየድ። የብረት ብየዳ አልሙኒየም ላይ አይዝም፣ ስለዚህ ጎኑን ቢነካ እንኳ ከቴስታታው ጋር አይጣበቅም። ከዚህም በላይ የብየዳው ሙቀት ስተዱን ያሳብጠዋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ዝገቱን ሰንጥቆ የሚያላቅቀው ይሄ ነው። የእጅ ሙቀት እስኪሆን ጠብቅ፣ ከዚያ ዘይት ጠብ አድርግበትና ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ አመላልሰው። ከጠነከረ አታስገድደው። ብየዳው ቢገነጠል ደግመህ በየድ፤ በየጊዜው የሚያገኘው ሙቀት ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ የብየዳውን መሬት (የመመለሻ ገመዱን መያዣ) ደግሞ ከሥራው አጠገብ እሰር። ሌላው፣ ቦታውን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥበህ ወዲያው እንዳትበይድ። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ በብየዳ ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሰው ገድሎ የሚያውቅ ጋዝ ነው። በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ይበቃል።

ትራፓን፦

ሞረድ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ብየዳ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እኔ በግራ በሚዞር መሰርሰሪያ ነው የማወጣው። ትራፓኑን (የመሰርሰሪያ ማሽኑን) ወደ ግራ ታዞራለህ፤ መሰርሰሪያው እየበሳ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ስለሚገፋ ብዙ ጊዜ መሐል ሳይደርስ ስተዱ ራሱ እየዞረ ይወጣል። ባይወጣም ጥፋት የለም፣ ቀዳዳው ይጠቅምሃል።

ትልቁ ነገር መሐሉን ማግኘት ነው። ብረቱ ከአልሙኒየሙ ስለሚጠነክር መሰርሰሪያ ትንሽ ከሳተ ተንሸራቶ ለስላሳውን አልሙኒየም ይበላል። ለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ፦ አሮጌውን ማኒፎልድ መልሰህ በቀሩት ስተዶች እሰረው፣ የተሰበረው ባለበት ቀዳዳ ውስጥ መሐሉ የተበሳ ልክክ የሚል ቡሽ (የብረት ቀለበት) አስገባ፣ መሰርሰሪያውን በዚያ ውስጥ ምራው። ስተዱ ኤም 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር) ከሆነና ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር ከሆነ እስከ 6.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው የምትበሳው፤ ከዚያ የቀረውን ቀጭን ልጣጭ በታፕ (በጥርስ መቁረጫ) ታወጣዋለህ። ከዚያ በላይ ከሄድክ የቴስታታውን ጥርስ መብላት ትጀምራለህ። ያኔ ያለህ መፍትሔ ሄሊኮይል (የተበላውን ጥርስ የሚተካ ጥምዝ ሽቦ) ነው፤ እሱም በትክክል ከገባ ጠንካራ ነው፣ አትፍራው።

ሙቀትን በተመለከተ ልጨምር። አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ነው፤ በአንድ ዲግሪ አልሙኒየም በሚሊዮን 23፣ ብረት ወደ 12 ገደማ። ስለዚህ በስተዱ ዙሪያ ያለውን ቴስታታ ብታሞቀው ቀዳዳው ከስተዱ በላይ ይሰፋል። ግን ተጠንቀቅ፣ አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቴስታታ ቅይጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፤ መልኩ ሳይለወጥ ድንገት ነው የሚወርደው። እሳቱን አንድ ቦታ አታቁመው። የነዳጅ ቱቦ አጠገብ ከሆነ ደግሞ እሳቱን ጭራሽ ተወው።

ዳዶ በጣት፦

እኔ ስለ አለመገጣጠሙ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሄደር ይመልሳል።

ምንም ነገር በቁልፍ አትሰር። ከቴስታታው እስከ ማርሚታው ጫፍ ድረስ ሁሉንም በጣት ብቻ አስይዝ፣ እየተወዛወዘ ይሁን። የኋላውን ማንጠልጠያ ላስቲኮች በሳሙና ውኃ አርሰህ አስገባቸው፤ ነዳጅ ወይም ግሪስ ላስቲኩን ይበላዋል። ከዚያ የካታላይዘሩን ፍላንጅ ከኋላው ቱቦ ጋር ፍታው። የአንተ ችግር ያለው እዚህ ይመስለኛል፦ ካታላይዘሩ ከኋላ በአሮጌው ቱቦ ተይዞ ሳለ ነው ሄደሩ እሱን እንዲከተል የምትፈልገው። ካታላይዘሩ ነፃ ሆኖ ሄደሩን ይከተል። ሁሉም ቦታውን ሲያገኝ ከፊት ወደ ኋላ እሰር፦ መጀመሪያ ቴስታታው፣ ቀጥሎ ካታላይዘሩ፣ ማርሚታው በመጨረሻ።

ቴስታታው ላይ ስታስር ደግሞ ከመሐል ጀምረህ ግራና ቀኝ እያልክ ወደ ጫፍ ውጣ፤ አንዴ ሁሉንም በቀላሉ፣ ቀጥሎ በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) በመመሪያው ልክ። ከጫፍ ከጀመርክ መሐሉ ላይ እብጠት ይዘህ ትቀራለህ። ጋስኬቱ ባለ ብዙ ድርብ የብረት ከሆነ ደረቁን ይግባ፤ ሲሊኮን አትቀባው። ለከፍተኛ ሙቀት የሚባለው ሲሊኮን እንኳ የሚችለው 300 ዲግሪን ጥቂት ቢያልፍ ነው፣ በጭነት ጊዜ ከሲሊንደር የሚወጣው ጋዝ ደግሞ 800ን ሊያልፍ ይችላል።

ሁሉን ነፃ አድርገህም ካልገጠመ የሞተር መያዣ ላስቲኮችን ተመልከት። ላስቲኩ ከሞተ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ከፍላንጁ የሚያመልጠውን ያህል ሊወስድ ይችላል። ቱቦውን በመዶሻ መትተህ ቦታ ለመፍጠር አትሞክር። የሞተሪኖውን ገመድ ግን ዞር አድርገህ በብረት ማሰሪያ እሰረውና ሙቀት መከላከያ ሽፋን አልብሰው። የገመድ ፕላስቲክ ቀልጦ ቱቦውን ከነካ ባትሪው በቀጥታ ወደ ቦዲ ይሄዳል፣ እሳት ነው።

ሴንሰሩ ቀላል ነው። ማኒፎልዱ ወጥቶ በእጅህ ስላለ በሴንሰሩ ዙሪያ ያለውን ብረት አግለው፣ ጎኑ ለገመዱ የተሰነጠቀ 22 ሚሊሜትር ሶኬት አስገባና ፍታው። መልሰህ ስትገጥመው ጥርሱ ላይ ብቻ የፀረ መጣበቂያ ቅባት ትንሽ ቀባ፣ ጫፉን በፍጹም አታስነካው። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ከራቀ ገመዱ መወጠሩንም እይ።

ግራጫዋ ሃችባክ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። በሞረድ ዘዴ ስተዱ ወጣ! የጎረቤት ብየዳ ተውሼ ዋሸርና ዳዶ በየድኩ፤ የመጀመሪያው ብየዳ ተገነጠለ፣ ደግሜ ስበይድ ጭር የሚል ድምፅ አሰማና ተንቀሳቀሰ። ጥርሱ አልተነካም፣ ታፕ አስገብቼ አጸዳሁት። ሴንሰሩም ወጥቷል።

አለመገጣጠሙም ዳዶ በጣት እንዳለው ነው፤ ካታላይዘሩን ከኋላ ስፈታው ፍላንጁ ራሱ መጥቶ ቁጭ አለ። የሞተር መያዣውን አየሁት፣ ጤነኛ ነው።

አሁን ሁሉም ታስሮ ሞተሩ ተነሥቷል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭስ ከሄደሩ ላይ ወጣ፣ የዘይትና የእጅ አሻራ መሆኑን ስለማውቅ በር ከፍቼ ጠበቅኩ፣ ቆመ። ነገር ግን በቀዝቃዛ ሞተር ጠክ ጠክ ጠክ የሚል ፈጣን ድምፅ አለ፤ ሲሞቅ እየደከመ ይጠፋል። ጋዝ ስሰጠው ይበረታል። የቼክ ኢንጂን መብራትም በርቶ ፒ0171 (ከአየሩ አንጻር ነዳጅ አንሷል የሚል ኮድ) ይላል። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ ከዚህ ሥራ በፊት ይህ ኮድ ኖሮ አያውቅም። ወደ ሴንሰሩ ልሂድ?

ሞረድ፦

እሰይ፣ ጎበዝ! ሴንሰሩን አትንካው፣ አዲስም አትግዛ። ድምፁም ኮዱም አንድ ነገር ነው የሚነግሩህ፦ ከሴንሰሩ በፊት ጋዝ የሚያሾልክ ቦታ አለ። ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ነው ድምፁ የሚጠፋው።

ኮዱን ያመጣው እንዲህ ነው። የጭስ ጋዝ ከሲሊንደር የሚወጣው በምት ነው፣ ያለማቋረጥ የሚፈስ አይደለም። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፤ በዚያች ቅጽበት ክፍተቱ ከውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ ነዳጁ አንሷል ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ አምኖት ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው ነዳጅ ይፈጃል፤ ብዙ ከቆየ ካታላይዘሩንም ይጎዳል። ጤነኛ ነው ያልከው ካታላይዘር ስለሆነ ቶሎ ያዘው።

ቦታውን ለማግኘት ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለ፣ አየር የሚነፋ ቫኪዩም ክሊነር በማርሚታው ጫፍ በኩል ንፋበት፣ መጋጠሚያውን በጨርቅ አፍን። ከዚያ የሳሙና ውኃ በየፍላንጁ ርጭ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። ይሄ ዘዴ በሞቀ ሞተር ላይ እጅ ከማስገባት ይሻላል፣ ጭስም አትተነፍስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይህ ነገር እስኪያልቅ ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሣ፣ መኪናዋንም መስኮት ዘግተህ አትንዳ።

አረፋው ቴስታታው ላይ ከወጣ ሄደሩን አውርደህ ፍላንጁ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድም። ቱቦዎቹ ሲበየዱ ፍላንጁ መጎበጥ ልማዱ ነው። ብርሃን የሚታይ ከሆነ ትልቅ ሞረድ ይዘህ ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ላይ እያቋረጥክ በረጅሙ ሞርደው፣ አንዱን ብቻ አትሞርድ። ሄደሩን ነው የምትሞርደው፣ ቴስታታውን አይደለም።

ግራጫዋ ሃችባክ፦

አረፋው 4ኛው ሲሊንደር የታችኛው ጥግ ላይ ወጣ። ማስመሪያ ሳጋድም ፍላንጁ በዚያ ጫፍ ወደ ውጭ ጎብጧል፣ ብርሃን በግልጽ ያሳልፋል። ሞርጄ አስተካክዬ በአዲስ ጋስኬት መለስኩት፣ ከመሐል ወደ ጫፍ አሰርኩ። ጠክ ጠክ የሚለው ድምፅ በቀዝቃዛ ሞተርም የለም። ኮዱን አጥፍቼ ነዳሁ፤ ከ20 በመቶ በላይ የነበረው የኮምፒውተሩ የነዳጅ ጭማሪ 3 በመቶ ላይ ወርዷል፣ መብራቱም አልተመለሰም። ዳዶዎቹን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል?

ዳዶ በጣት፦

አዎ። ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ በዚያው የቶርክ ልክ ፈትሻቸው። አዲስ ጋስኬት ስለሚታመቅ ትንሽ መዞራቸው አይቀርም። በሞቀ ሞተር ላይ ግን እንዳታጠብቅ፣ ስተድ ዳግመኛ ይቆረጥብሃል። በዚያው ገብተህ ሳለ የሞተሪኖው ገመድ ሽፋን መልኩን መለወጥ አለመለወጡን እይልኝ፤ ቡናማ ከሆነ ገመዱ ገና ራቅ ማለት አለበት።