ከማርሽ ባንድ ወደ ኦርኬስትራ፦ ትራምፔት የሚነፋ የ16 ዓመት ልጅ ምን ይለማመድ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ባሕር ዳር ነው። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ቢ-ፍላት ትራምፔት መንፋት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ሐሳቡ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ መግባት ነው፤ እኔም ልረዳው እፈልጋለሁ፤ እዚህ ግን የብራስ (እንደ ትራምፔትና ትሮምቦን ያሉ የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች) አስተማሪ በቀላሉ አይገኝም።

ግማሽ ሰዓት ከነፋ በኋላ ከኖታው አምስት መስመር በላይ ያለችው ጂ የምትባል ድምፅ አትወጣለትም። የማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት የመሣሪያው አፍ) ክብ ምልክት ከንፈሩ ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ከኪቦርድ ጋር የገጠመው ድምፅ ደግሞ ከሰዓት ከፍ ብሎ ይገኛል። አንዳንዱ "ከፍታው ነው፣ አየሩ ስስ ነው" ይላል፤ አንዳንዱ "ትልቅ ማውዝፒስ ግዛለት" ይላል። በየቀኑ ምን ይለማመድ? በዚህ ሙያስ እንጀራ ይበላል?

ሦስተኛ ቫልቭ

ወንድሜ፣ ከፍታውን ተወው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያው ያደገ ልጅ ሳንባው ለምዶታል። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ድምፁ ወደ 3 ሴንት ከፍ ይላል (100 ሴንት ግማሽ ቶን ነው፤ ይኸውም በኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ያለው ርቀት)። በሚያዝያ ሙቀት የዋለ ትራምፔት ከሰዓት ከፍ ቢል ልክ ነው፤ ዋናውን የመቃኛ ስላይድ (ተስቦ የሚወጣውን ቱቦ) ጥቂት ሚሊሜትር ማውጣት በቂ ነው። መቃኘት ያለበት ግን አምስት ደቂቃ ያህል ከተነፋ በኋላ እንጂ ገና ከሳጥኑ እንደወጣ አይደለም። የደከመ ከንፈር ሲጨመቅም ድምፁ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተደርበውበት ይሆናል።

ዋናው ችግር ግፊት ነው። ምልክቱ ረጅም ሰዓት መቆየቱ ራሱ ይናገራል። ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ በግራ እጁ መሣሪያውን ወደ ፊቱ ይስባል፤ ማውዝፒሱ ከንፈሩን ይጫነዋል፤ ደም በደንብ አይዘዋወርም። የተጨቆነ ከንፈር አይንቀጠቀጥም፤ ካልተንቀጠቀጠ ድምፅ የለም። ድምፁ እምቢ ሲለው ይበልጥ ይጫናል፣ ይባስ ይደክማል። ይህን ሞክሩ፦ ትራምፔቱን በግራ መዳፉ ላይ ጨብጦ ሳይይዝ ያስተኛው፤ የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት ከመንጠቆው ያውጣ፤ ከዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን ጂ ይንፋ። ከወጣችለት በዚያው ግፊት በግማሽ ቶን በግማሽ ቶን ይውጣ። ድምፁ የተቋረጠበት ቦታ እውነተኛ አቅሙ ነው፤ ልምምዱም ከዚያ ይጀምራል።

ለቀኑ 90 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ግን በሦስት ተከፍሎ፣ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዕረፍት ይዞ። በመጀመሪያው 30 ደቂቃ፣ ሜትሮኖም (በደቂቃ የተወሰነ ምት የሚመታ መቁጠሪያ) 60 ላይ አድርጎ ትንፋሹን በ4 ምት ያስገባ፣ በ4 ምት ያውጣ። ሦስት ደቂቃ ማውዝፒሱን ብቻ ይንፋ። ቀጥሎ ከዚያችው ጂ ወደ ታች በግማሽ ቶን እየወረደ ረጃጅም ድምፆች፣ እያንዳንዱን 8 ምት፣ በቀስታ። ቀስ ብሎ መንፋት ጮክ ብሎ ከመንፋት ይከብዳል፤ ጥቅሙም እዚያ ነው። ከዚያ ምላስ ሳይነካ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት፣ በሰባቱም የቫልቭ (በጣት የሚጫኑት ሦስቱ ቁልፎች) አያያዝ፦ ባዶ፣ 2፣ 1፣ 1-2፣ 2-3፣ 1-3፣ 1-2-3። 1-3 እና 1-2-3 በተፈጥሯቸው ከፍ ይላሉ፤ የሦስተኛውን ቫልቭ ስላይድ በቀለበቱ ጣት ገፍቶ ማውጣት ካሁኑ ይልመድ። ብዙ የማርሽ ባንድ ልጅ ያ ስላይድ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ሳይነገረው ዓመታት ያልፋሉ።

ሁለተኛው 30 ደቂቃ ለስኬል (ድምፆችን በተራ መውጣትና መውረድ) እና ለምላስ (ድምፅን በምላስ ነክቶ መጀመር) ነው። ፍጥነቱን በ80 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሳይሳሳት ሲወጣው ብቻ 4 ይጨምር። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በ12ቱም መነሻ ይንፋቸው፤ ጆሮው የሚያውቀው ዜማ ስለሆነ ስሕተቱን ወዲያው ይሰማዋል። ሦስተኛው ለኖታ ንባብ ይሁን። የነፋውን ያህል ይረፍ። ከንፈሩን ከወጋው ወይም ካደነዘዘው በዚያ ቀን ያቁም።

ስላይድ

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ የምጨምረው በማርሽ ባንድና በኦርኬስትራ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ብራስ ነፊ ልጆች ወዲህም ብራስ እኛ ዘንድ በአብዛኛው የአደባባይ ድምፅ ሆኖ ኖሯል፤ ከሩቅ እንዲሰማ ነው የሚነፋው። ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጦ ከቫዮሊኖች ሥር ገብቶ መንፋት ሌላ ጡንቻ ይጠይቃል።

ልጁ ቶሎ ይጀምር የምለው የኖታ ለውጥን ነው፤ ይኸውም ለሌላ ቅኝት ትራምፔት የተጻፈን ኖታ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መንፋት። ለድሮ ትራምፔት የተጻፈ ኖታ ብዙ ጊዜ በቢ-ፍላት አይመጣም። ነፊው ዐይኑ አንዱን እያየ ጣቱ ሌላውን ይይዛል። በቢ-ፍላት ትራምፔት፣ ኖታው "በሲ" ካለ አንድ ቶን ወደ ላይ፤ "በዲ" ሁለት ቶን፤ "በኢ-ፍላት" ሁለት ቶን ተኩል፤ "በኤፍ" ሦስት ቶን ተኩል፤ "በኤ" ካለ ግን ግማሽ ቶን ወደ ታች። በሳምንት አንዱን ብቻ፣ ቀላል ዜማ ይዞ፣ በቀን አስር ደቂቃ። ይህን የማይችል በፈተና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀራል።

ሌላው ዝምታ ነው። በቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ትሮምቦኖች ሦስት ክፍል ሙሉ ቁጭ ብለው ጠብቀው በአራተኛው ነው የሚገቡት። መሣሪያው ይቀዘቅዛል፣ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ያለ ድምፅ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ያስገቡበታል፤ የዝምታውን ባርም (የኖታውን የምት ክፍልፋይ) በጣታቸው ይቆጥራሉ። ብራስ ከመሪው 14 ሜትር ያህል ርቆ ሲቀመጥ ድምፁ እዚያ ለመድረስ 0.04 ሰከንድ ይወስድበታል። የሚሰማውን ጠብቆ የሚነፋ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ በትሩን አይቶ ነው መግባት።

ዓባይ ማዶ

የእንጀራውን ጥያቄ በግልጽ ልመልስ፤ ልጁም ሳይደበቅበት ይስማው። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ሆርን፣ 3 ወይም 4 ትራምፔት፣ 3 ትሮምቦንና 1 ቱባ ነው የሚይዘው። ቦታ የሚከፈተው አንዱ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲለቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመግቢያ ፈተናው የመጀመሪያ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ይነፋል፤ ዳኞቹ ማን እንደሆነ አያዩም። የሚነፋው ከትልልቅ ሥራዎች የተቆረጡ አጫጭር ክፍሎች ነው። የማህለር 5ኛ ሲምፎኒ በአንድ ትራምፔት ብቻ ስለሚጀምር ያ መክፈቻ ከዝርዝር አይጠፋም፤ ሀይድን በ1796 የጻፈው የትራምፔት ኮንቸርቶም (ትራምፔቱ ብቻውን ከኦርኬስትራ ጋር የሚነፋበት ሥራ) እንዲሁ። ያለፈውም ወዲያው ቋሚ አይሆንም፤ የሙከራ ጊዜ አለው። ተፈታኞችን የሚጥላቸው ከፍ ያለ ድምፅ ማጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምት መዛባትና ቅኝት ናቸው ብዙውን የሚጥሉት፤ ስለዚህ ልምምዱን በስልክ ይቅዳና ከሜትሮኖም ጋር መልሶ ይስማው።

በአገር ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ቋሚ ደመወዝ ያለው የብራስ ሥራ በዋናነት በፖሊስና በመከላከያ ባንዶች ነው፤ ቀን እዚያ እየሠሩ ማታ ከባንድ ጋር መንፋትም የተለመደ ነው። ጀርመን ከታሰበ፣ ብዙዎቹ የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም፤ የተወሰኑት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ያስከፍላሉ። መግቢያ ፈተናው ከመሣሪያው ሌላ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብና የጆሮ ፈተና አለው፤ ብዙ ቦታ ትንሽ ፒያኖም ይጠይቃል። ያ ኪቦርድ እንግዲህ ለመቃኛ ብቻ አይዋል።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም አሳይቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የማውዝፒሱ መጠን 7ሲ ነው፤ ይቀየር? ጎረቤት ስለሚረበሽ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዶ ቢለማመድስ?

ሦስተኛ ቫልቭ

የ7ሲ የውስጥ ስፋቱ 16.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለእሱ ዕድሜ ምንም አላነሰም። የኦርኬስትራ ነፊዎች እንደ 1 ተኩል ሲ ያለ 17 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ይይዛሉ፤ ዛሬ ያን ብትሰጠው ግን ግፊቱ ሳይስተካከል ድካሙ ብቻ ይጨምራል። ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ።

ሐይቁ ዳር ለረጃጅም ድምፅ አልመክርም። ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ልጁ ራሱን ስለማይሰማ ሳያውቀው ይጮኻል፤ የማርሽ ባንዱን ልማድ መልሶ ያመጣዋል። ቤት ውስጥ ልብስ ወደ ተሰቀለበት ቁም ሣጥን ዞሮ በቀስታ ቢነፋ ጎረቤቱም ይተርፋል። ሐይቁ ዳር ከወረደ ለስኬልና ለምላስ ይሁን፤ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አያስቀምጠው።

ጽዳቱንም አትርሱ። በወር አንዴ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ይታጠብ፤ የፈላ ውኃ ቀለሙን ይልጠዋል። ቫልቭ ላይ የቫልቭ ዘይት ብቻ፤ የምግብ ዘይት ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ያስቆመዋል። የመቃኛው ስላይድ ላይ ሲቸግር ቫዝሊን ይሠራል። ማውዝፒሱ ከተጣበቀ በፒንሳ እንዳትነኩት፣ ቱቦው ይጣመማል፤ ማውጫ መሣሪያው ያለው ሰው ፈልጉ። ከታጠበ በኋላ "አየር አያሳልፍም" ካላችሁ አልተበላሸም፦ ቫልቮቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ ወይ ቦታ ተቀያይረዋል፣ ወይ አንዱ ዞሮ ገብቷል። ቀጥ አድርጎ እያስገባ ቀጭ እስኪል ቀስ ብሎ ያዙረው።